አሮጌ ኮሌጅ መጋዘን ውስጥ ያገኘሁት ወረቀት፦ የቱ ይቀመጥ፣ የቱ ይጣል?

መዝገብ ቤት ሐረር (ክሩን የከፈተች) ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ሐረር ውስጥ አንድ አሮጌ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። ከገባሁ ሰባት ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ የኋላውን መጋዘን ቁልፍ ሰጠኝና «ይሄን ጉድ አጽጂልኝ፣ ክፍሉ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል» አለኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ አለኝ።

በሩን ስከፍት የተቀበለኝ ሽታው ነው። የአይጥ፣ የድሮ ሙጫ፣ የእርጥብ ጆንያ። ወረቀቱ በማዳበሪያ ታጭቆ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ሦስቱን ማዳበሪያ ከፈትኩ። የሞዴል 19 እና የሞዴል 22 (የንብረት ገቢና ወጪ ደረሰኝ) ጥራዝ አለ። ፔሮል አለ። በስቴንስል የተባዛ ፈተና አለ፣ ቀለሙ ወደ ሐምራዊ የሄደ። የተማሪ መመዝገቢያ ትልልቅ ደብተር አለ። ኮሌጁ ድሮ ትንሽ እርሻ ነበረው መሰለኝ፣ የላሞች የወተት መዝገብና የዝናብ መለኪያ ደብተር አንድ ላይ በሲባጎ ታስረው አገኘሁ። አንድ ፖስታ ሙሉ ፎቶ አለ፣ ከአንዱ ጀርባ በእርሳስ «1957» ብቻ ተጽፏል። ሽፋኑ የተቀደደ የወጥ ቤት መዝገብም አለ። ዓመቱ የለውም። እሱን እንኳ ልጥለው ነው፣ ማን ያነበዋል?

ጥያቄዬ ቀላል ነው። የቱን ላስቀር? የፎቶውና የተማሪው መዝገብ ይገባኛል። ሌላው ግን?

የከዚራ ልጅ ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

አቦ ጣዪው! ስልክ የለሽም እንዴ? ጸሐይ ላይ ዘርግተሽ ፎቶ አንሺ፣ ቴሌግራም ላይ ጫኚ፣ ወረቀቱን ለኪሎ ገዢ ስጪ። በገንዘቡ ፉል ብዪበት። ይሄ ሁሉ ጭንቀት ለሽንኩርት ደረሰኝ ነው?

ስፒል ማክሰኞ፣ ማታ 3፡50

የከዚራው ወንድማችን ሲቀልድ ነው ብዬ ልለፈው። እህቴ፣ መጀመሪያ እጅሽን ከማዳበሪያው ላይ አንሺ። ሰነድ ሥራዬ ነው፣ ብዙ ዓመት አቧራ በልቻለሁ።

ለአለቃሽ ይህን በትሕትና ንገሪው። የመንግሥት መዝገብ እንደ አሮጌ ወንበር በንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ብቻ የሚወጣ ነገር አይደለም። አዋጅ ቁጥር 179/1991 አለ። ኮሌጁ የመንግሥት ከሆነ ወመዘክር (የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሳይፈቅድ ሰነድ መጣል አይቻልም። አለቆች አዋጅ በቁጥር ሲጠራባቸው ቆም ይላሉ፣ ልምዴ ነው።

ሁለተኛ፣ አትደርድሪ። ይሄ ለጀማሪ ይከብዳል። የመጀመሪያው ስሜትሽ ወተቱን ከወተት፣ ዝናቡን ከዝናብ መለየት ነው። ነገር ግን ያንቺ የወተትና የዝናብ ደብተር አብሮ የታሰረው በአጋጣሚ ላይሆን ይችላል። አንድ ሰው ወተቱ ለምን እንደቀነሰ ሲጠየቅ «ዝናብ ጠፍቶ ሣር አልነበረም» ለማለት ያሰራቸው ይሆናል። ሲባጎውን ፈትተሽ ብትለያያቸው ያ ሰው የተናገረው ነገር ይጠፋል። እንዳገኘሻቸው ተያቸው። ማዳበሪያው ላይ ቁጥር ጻፊ፣ የትኛው ግድግዳ ሥር እንደነበር ጻፊ፣ በቃ።

ሦስተኛ፣ የገቢና ወጪ ደብዳቤ መዝገብ ካገኘሽ እንደ ዓይንሽ ብሌን ያዢው። ምክንያቱን ነገ እነግርሻለሁ፣ አሁን መብራት ሊሄድብኝ ነው።

ሸዋ በር ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15

ሰላም እህቴ። እኔም የሐረር ነኝ፣ ጀጎል ውስጥ። የወጥ ቤቱን መዝገብ አትጣዪ በአላህ። አንድ ሁለት ገጽ ገልብጠሽ ትለጥፊልን? በዚያ ዘመን ወጥ ቤት ማን ምን እንደበላ ማወቅ እፈልጋለሁ። አያቴ አንድ ተማሪ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። የምታወራው ሁሉ ስለ ድስት ነበር።

ጡረተኛው ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡30

ልጄ፣ መልካም ሥራ ነው የያዝሽው። እኔ የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ልጅ ነኝ፣ ባቴ ላይ ያለው ግቢ ውስጥ ነው ወጣትነቴ ያለቀው። ስለዚያ ኮሌጅ ትንሽ ልንገራችሁ፣ ለአንቺም መጋዘን ይጠቅማል።

አለማያን የመሠረቱልን ከኦክላሆማ የመጡ አሜሪካኖች ናቸው። ሐሳቡን ከንጉሡ ጋር የጀመሩት የዚያን ጊዜው የኦክላሆማ እርሻና መካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ነበሩ። ፍሬውን ግን አላዩም። ታኅሣሥ 1944 ላይ ከባለቤታቸው ጋር ቴህራን አጠገብ አውሮፕላን ተከስክሶ ሞቱ። ስምምነቱ የተፈረመው በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። የአለማያ ግንባታ እስኪያልቅ ትምህርቱ ጅማ ተጀመረ። ወደ አለማያ የተዛወረው በ1949 ነው፣ ንጉሡ ደግሞ ጥር 8 ቀን 1950 መጥተው መረቁት። በመካከሉ ሰኔ 1946 ላይ እሳቸው ራሳቸው እስከ ኦክላሆማዋ ስቲልዋተር ከተማ ድረስ ሄደው የአሜሪካኖቹን ኮሌጅ ጎብኝተዋል። ኦክላሆማዎቹ እስከ 1960 ቆዩ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት እንዲሁ ለትዝታ አይደለም። አንደኛ፣ የአንድ ኮሌጅ ወረቀት አንድ ቦታ አይገኝም። የአለማያ ግማሹ ደብዳቤና ፎቶ ስቲልዋተር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። እዚህ የጠፋው እዚያ ካርቦን ኮፒው አለ፣ እዚያ የሌለው እዚህ። ሁለተኛ፣ ስም ይለዋወጣል። መጀመሪያ የእርሻና የመካኒካል ጥበባት ኮሌጅ ነበር። ኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። በ1977 የአለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በ1998 ሐረማያ። አሜሪካ ያሉት ራሳቸው በፈረንጅ 1957 ስማቸውን ለውጠው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በአንዱ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ያንቺም ኮሌጅ ስንት ስም እንደለበሰ አጣሪ።

የከዚራ ልጅ ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡52

ጋሼ፣ አሁን ገባኝ። ግን የላም ወተት መዝገብ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ጡረተኛው ረቡዕ፣ ቀን 6፡10

በጣም ይገናኛል እንጂ! የኦክላሆማዎቹ ትምህርት ሦስት እግር ነበረው፦ ማስተማር፣ መመራመር፣ ያገኙትን ገበሬው ዘንድ ማድረስ። ስለዚህ የእርሻ ኮሌጅ ሰነድ ማለት ውጤት ካርድ ብቻ አይደለም። የማሽላ መደብ ደብተር ነው፣ ስለ ገበሬ ጉብኝት የተጻፈ ሪፖርት ነው። መስመር ቁጥር፣ የተዘራበት ቀን፣ የታጨደበት ቀን፣ ኪሎ። ሲያዩት ምንም አይመስልም። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከአለማያ የወጡት በ1965 ነው። ኋላ ማሽላን ከአቀንጭራ (ሥሩን ከሚመጥ ጥገኛ አረም) ያዳነ ዝርያ በማውጣታቸው በፈረንጅ 2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። እንዲህ ያለ ሥራ ከቁጥር ደብተር ነው የሚነሣው።

ዝናቡን ደግሞ አትናቁት። ሐረማያ ሐይቅ ዳር ጀልባ ስንቀዝፍ ይደርቃል ያለ ሰው አልነበረም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ሐረር የምትጠጣው ከዚያ ነበር፣ ኋላ ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ይመጣላት ጀመር። አሁን ውኃው ተመልሷል፣ ደስ ይላል። ግን ለምን ደረቀ ሲባል አንዱ ዝናብ ነው ይላል፣ ሌላው ለጫትና ለአትክልት የተጎተተ ፓምፕ፣ ሌላው ከኮረብታው የታጠበ ደለል፣ ሌላው የከተማው ቧንቧ። ሁሉም እውነት አለበት። የየቱ ድርሻ ስንት እንደሆነ ለመናገር ግን በየቀኑ ጠዋት አንድ ዘበኛ ከጣሳ ለክቶ የጻፈው የዝናብ ቁጥር ያስፈልጋል። ያንቺ ደብተር የእንዲህ ያለው መዝገብ ወንድም ነው።

ስፒል ረቡዕ፣ ማታ 1፡20

ቃሌን ልጠብቅ። የገቢና ወጪ መዝገብ ለምን?

አንድ የድሮ ደብዳቤ ያዙ። ከላይ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው። ከታች «ግልባጭ» ብሎ የሚደርሳቸውን ይዘረዝራል። ቁጥሩ ወደ መዝገቡ ይመራሃል። መዝገቡ ላይ ከማን እንደመጣ፣ ጉዳዩ በአንድ መስመር፣ ለማን እንደተመራ፣ የትኛው ፋይል እንደገባ ተጽፏል። ደብዳቤውን ምስጥ ቢበላው እንኳ ያቺ መስመር ትቀራለች። እኔ አንድ ጊዜ ሙሉ ፋይል የጠፋበትን ጉዳይ ከወጪ መዝገብ ብቻ ታሪኩን መልሼ አቆምኩት። ስድስት መስመር ነበር። ስድስተኛው «መልስ ባለመገኘቱ ለሦስተኛ ጊዜ» ይላል። እዚያ ላይ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አዘንኩ።

አያያዙን በአጭሩ። የዛገ ስፒልና አግራፍ አትጎትቺ፣ ወረቀቱን ይዞት ይመጣል። ከሥሩ ቀጭን ፕላስቲክ አስገብተሽ በቀስታ ክፈቺው። ፕላስተር አትለጥፊ። ላሚኔት እናድርገው የሚል ሰው ከመጣ በሩን ዝጊበት። እርጥቡን ጸሐይ ላይ አታስጪ (የከዚራ ልጅ፣ ስማ!)፣ ነፋስ ያለበት ጥላ ይበቃዋል። ማስክ አድርጊ፣ የአይጥ ሽንት ቀልድ አይደለም።

ሁሉም ይቀመጥ ደግሞ አልልም። ያልተሞላ ፎርም፣ አርባ ቅጂ ያለው ሰርኩላር፣ ባዶ ፖስታ ይሂድ። ከፈተናው ከእያንዳንዱ አንድ ቅጂ ይበቃል።

መዝገብ ቤት ሐረር ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

አመሰግናለሁ። ገቢ መዝገብ አገኘሁ! ሁለት ጥራዝ። የአንዱ ጀርባ ተበልቷል ግን ይነበባል። አለቃዬም አዋጁን ስነግረው «ማን ነገረሽ?» አለኝ። «አነበብኩ» አልኩት። ዝም አለ።

ለሸዋ በር የወጥ ቤቱን ገለበጥኩ። እያንዳንዱ ገጽ አንድ ቀን ነው። ወደ ጎን ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት። ወደ ታች ጾም፣ ፍስክ፣ እስላም። ያኔ እንደዚያ ነበር የሚጽፉት፣ የኔ ቃል አይደለም። በየሳጥኑ የሰው ቁጥርና የወጣው እህል አለ። ሽንኩርቱ በሳንቲም ነው የተገዛው፣ ዓይኔን አላመንኩም።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። ከታኅሣሥ 5 ጀምሮ እስከ ጥር 3 ድረስ «እስላም» በሚለው መስመር ቁርስና ምሳ ላይ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው። እራት ላይ ቁጥሩ አለ። ከጎኑ በቀይ እርሳስ «ሌሊት» የሚል ተጨምሮ ሩዝ፣ ሾርባ፣ ቴምር ይላል። ጸሐፊው የረሳ ይሆን እንዴ ብዬ ነበር። ጥር 4 ላይ ግን «በግ» ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ሸዋ በር ረቡዕ፣ ማታ 2፡41

የኔ እህት!!! ረመዳን ነው እኮ። ሌሊት የሚለው ሱሑር ነው፣ ከንጋት በፊት የሚበላው። እራቱ ፍጡር ነው፣ ጾሙ የሚፈታበት። ጥር 4 ዒድ ነው፣ በጉም ለዚያ። ወላሂ እንባዬ መጣ። አያቴ «ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነሥተን ሩዝ እንጥድ ነበር» ትለን ነበር። እኛ ተረት ይመስለን ነበር።

የከዚራ ልጅ ረቡዕ፣ ማታ 2፡50

አቦ ይሄ ሰው ያስለቅሳል። የሽንኩርት ደረሰኝ ያልኩትን መልሼ ውጫለሁ።

አስተማሪው ረቡዕ፣ ማታ 3፡35

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ግን አልቻልኩም። እህቴ፣ መዝገብሽ ዓመት የለውም አልሽ፣ አለው እኮ! ገና ላይ ምን ተጽፏል? ዕለቱስ አለ?

መዝገብ ቤት ሐረር ረቡዕ፣ ማታ 3፡44

ታኅሣሥ 29፣ ቅዳሜ ይላል። ዶሮ ወጥቷል። ከዚያ በፊት ባሉት ገጾች ፍስክ የሚለው መስመር ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረው። ሁሉም ጾም ላይ ነው።

አስተማሪው ረቡዕ፣ ማታ 4፡20

በቃ ያዝነው። እንቁጠር።

የእስላም ዓመት ከእኛ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ስለዚህ ረመዳን ታኅሣሥ 5 የገባበት ዓመት እንደ ጣት አሻራ ነው። በ1958 ረመዳን የገባው ታኅሣሥ 15 አካባቢ ነው፣ አይሆንም። በ1960 ኅዳር 23 አካባቢ ነው፣ አይሆንም። ደግሞ 1960 ዘመነ ዮሐንስ ነው፣ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነበር፣ ያንቺ 29 ይላል። በ1959 ግን ረመዳን የገባው ታኅሣሥ 5 ነው። ዒዱ ጥር 4 ወይም 5 ላይ ይወድቃል፣ በጨረቃ ስለሆነ የአንድ ቀን ልዩነት ያለ ነው። የ1959 ገና ምን ቀን ዋለ? ቅዳሜ!

ረመዳን ወደዚያው ቦታ የሚመለሰው ከ33 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ያ ማለት 1991 ወይም 1992 ነው። 1991 ላይ ታኅሣሥ 11 ነው የገባው፣ 1992 ላይ ኅዳር 29። ሁለቱም አይገጥሙም። እንኳን ቢገጥሙ በ1990ዎቹ በሳንቲም ሽንኩርት የሸጠ ሰው አሳዩኝ። ወደ ኋላ 33 ዓመት ብንሄድ ደግሞ 1926 ነው፣ ኮሌጅ የት ነበርና።

መዝገቡ የ1959 ነው። ጸሐፊው ዓመቱን አልነገረንም፣ የሁለት ሃይማኖት ጾም ግን ነገረን። ያን ታኅሣሥ ሁሉም ጿሚ ነበር ማለት ነው፣ ክርስቲያኑ የነቢያትን፣ ሙስሊሙ ረመዳንን። ሥጋ ቤቱ ምን ሠርቶ ይሆን?

ሸዋ በር ረቡዕ፣ ማታ 4፡31

መምህር ዕድሜ ይስጥዎ። ሥጋ ቤቱማ ማታ ማታ ለኛ ነው የሠራው :)

ለገሃር ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡50

እኔ የምድር ባቡር ልጅ ነኝ፣ ከድሬ። አንድ ነገር ልጨምር። ቋንቋውን አትፍሩ። ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በ1895 ነው፣ ከዚያ ወዲህ እዚህ ከተማ ብዙ ነገር የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር። አባቴ ቤት ያለው የሥራ ደብተር አንዱ ገጽ ፈረንሳይኛ፣ አንዱ አማርኛ ነው። በኅዳጉ ደግሞ አንድ ሰው በዓረብኛ ፊደል የብድር ሒሳብ ጽፎበታል። ለገሃር የምንለው እንኳ የፈረንሳይኛ ቃል ነው። በመጋዘኑ «የማይነበብ» ተብሎ የተጣለ ክምር ካለ ምናልባት የማይነበብ ሳይሆን አንባቢ ያልመጣለት ነው። ፎቶውን ለጥፊ፣ እዚህ መድረክ ላይ የማይነበብ የለም።

አስተማሪው ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡30

ከቋንቋ በላይ የሚያሳስተው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ከጀርባው «1957» የሚለው ፎቶሽ ትዝ ይልሻል? ፈረንጅ አስተማሪ ከጻፈው የእኛ 1949 ወይም 1950 ነው። የእኛ ሰው ከጻፈው ስምንት ዓመት ገደማ ይዘገያል። የአለማያ የመጀመሪያ ተመራቂዎች በፈረንጅ 1957 ነው የወጡት። አንድ ሰው «1957» የሚል ፎቶ አይቶ በእኛ አቆጣጠር ቢያነበው የመጀመሪያዎቹን ስምንት ዓመት ያስረጃቸዋል። ማኅተም አለው? የፎቶ ቤት ስም?

መዝገብ ቤት ሐረር ሐሙስ፣ ቀን 7፡00

ማኅተም የለውም። የመኪና ጎማ ግማሹ ይታያል፣ ሌላ ምንም የለም። ግድየለም፣ «1957፣ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ያልተለየ» ብዬ ፖስታው ላይ ጽፌበታለሁ። ፎቶው ላይ አልጻፍኩም ስፒል፣ አትቆጣኝ።

ሌላ ነገር ልጠይቅ። የዲሲፕሊን ፋይል አለ። የተማሪ ስም፣ ያጠፋው ጥፋት፣ የወላጅ ደብዳቤ። የክሊኒክ ካርድም አለ። ከ1966 በኋላ ያለው ይሳሳል። ለእድገት በኅብረት ዘመቻ የሄዱ ተማሪዎች ዝርዝር አለ፣ 1967። ከዚያ 1969 እና 1970 ላይ ጥቂት ገጽ ብቻ ነው ያለው። ለምን?

ጡረተኛው ሐሙስ፣ ማታ 12፡40

ልጄ፣ ለምን ብለሽ አትድከሚ። 1969 ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ጦርነት ነበር፣ 1970 ላይ ሐረር ተከብባ ነበር። ማን ወጥ ቤት መዝገብ ይጽፋል? ከዚያ ሌላ ደግሞ በቀይ ሽብር ዘመን የሰው ስም ያለበት ወረቀት ሰው ያስበላ ነበር። መዝገብ ቤት ሠራተኞች ራሳቸው ሌሊት ያቃጠሉት ብዙ ነው፣ ልጆቹን ለማዳን። ባዶው ገጽ እንዲሁ ባዶ አይደለም።

ስለዚህ የዲሲፕሊኑን ፋይል አቃጥዪው ባይ ነኝ። በ19 ዓመቱ አጥር ዘሎ ጠላ የጠጣ ልጅ ዛሬ አያት ነው። ምን አደረጋችሁ ብሎ ማን ይጠይቀናል?

ስፒል ሐሙስ፣ ማታ 2፡00

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። ይዘጋ እንጂ አይቃጠል። ታሽጎ፣ «ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ ካልጠየቀ አይከፈትም» ተብሎ ይቀመጥ። የጠላው ልጅ ፋይል ውስጥ ያለው የአባቱ ደብዳቤ ምናልባት ያ ገበሬ በሕይወቱ ያስጻፈው ብቸኛ ወረቀት ነው።

ጡረተኛው ሐሙስ፣ ማታ 2፡25

የአባቱ ደብዳቤ ያልከው አሸነፈኝ ማለት ይቻላል። የክሊኒኩን ካርድ ግን አሁንም አቃጥሉ እላለሁ።

አወያይ ሐሙስ፣ ማታ 3፡10

አንድ ተሳታፊ ከዚህ ክር በላይ የተማሪ ስምና ውጤት የሚታይበት ፎቶ ለጥፎ ነበር። አንሥቼዋለሁ። ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሕያው ሰው ስም፣ ውጤት፣ የሕመም ካርድ እዚህ አይለጠፍም። የአባታችሁን ፋይል የምትፈልጉ ኮሌጁን በማመልከቻ ጠይቁ።

የከዚራ ልጅ ዓርብ፣ ጠዋት 3፡15

እሺ ልናዘዝ። ቀፊራ ገበያ ኦቾሎኒ ስገዛ የተጠቀለለበት ወረቀት የፈተና ነበር። በስቴንስል የተባዛ፣ ሐምራዊ ቀለም፣ ልክ እህታችን እንዳለችው። «ጥያቄ 4» ስለ አፈር መሸርሸር ይጠይቃል። ኦቾሎኒውን በልቼ ጥያቄውን ለመመለስ ሞከርኩ፣ ወደቅሁ። ወረቀቱን ጣልኩት። ከየት ኮሌጅ እንደወጣ ማን ያውቃል። አንድ ቦታ አንድ ሰው እንደኔ «ለኪሎ ገዢ ስጪ» ያለ አለ ማለት ነው።

ለገሃር ዓርብ፣ ጠዋት 3፡22

ኦቾሎኒው ግን ጣፈጠ?

የከዚራ ልጅ ዓርብ፣ ጠዋት 3፡23

ጨው በዝቶበት ነበር።

መዝገብ ቤት ሐረር ዓርብ፣ ማታ 1፡30

ዜና አለኝ። አለቃዬ ክፍሉን ባይተውልኝም ትንሿን የጽሕፈት መሣሪያ መጋዘን ሰጠኝ። መስኮቷ ትዘጋለች፣ ጣሪያዋ አያፈስም። ማዳበሪያዎቹን በቁጥራቸው ነው ያዛወርናቸው፣ አንድም አልፈታንም። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ (እንዲህ ነው የምንጠራት) ካርቶን ከየሱቁ ለምና አመጣችልኝ። የወጥ ቤቱን መዝገብ በነጠላዬ ጠቅልዬ በእጄ ተሸክሜ ወሰድኩት፣ ጥበቃው ሕፃን የያዝኩ መስሎት በሩን ከፈተልኝ።

ጡረተኛው ዓርብ፣ ማታ 2፡15

ተባረኪ። መምህሩን ለመፈተን አንድ ጥያቄ አለኝ። 1959 ዘመነ ሉቃስ ነው። በሉቃስ መጨረሻ ጷጉሜ 6 ትሆናለች። መዝገቡ ጷጉሜ 6 አለው?

አስተማሪው ዓርብ፣ ማታ 2፡22

ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር ፈተና መቀመጥ አልፈልግም :) ጥሩ ጥያቄ ነው። ካለው ነገሩ አለቀ።

መዝገብ ቤት ሐረር ዓርብ፣ ማታ 2፡50

የለውም። ሰኔ 30 ላይ ያልቃል። የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፣ ከሐምሌ 1 በአዲስ ጥራዝ ይጀምራሉ። ቀጣዩ ጥራዝ ካለ ገና ካልተከፈቱት ማዳበሪያዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ሰኞ እፈልጋለሁ።

መዝገብ ቤት ሐረር ሰኞ፣ ቀን 8፡05

ማዳበሪያ 11። ሽፋን የለውም፣ ዓመትም የለውም፣ ጽሕፈቱ ግን የዚያው ሰው ነው። ሐምሌ 1 ይጀምራል። ክረምት ስለሆነ ገጾቹ ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። የመጨረሻዎቹ ቀናት ተጣብቀው ነበር፣ በማስመሪያ ለቀቅኋቸው።

«ጷጉሜ 6። ጥበቃ፣ 3 ሰው። ሽሮ።»